ርኅራኄም ዕውቀት ይሻል

ሰው ከሕንጻ መወጣጫ ላይ ሲወድቅ ወይም መኪና ሲገለበጥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ለርዳታ ይሮጣል። አንዱ ብብቱን፥ ሌላው እግሩን ይዞ ተጎጂውን እንደ ጆንያ አጥፎ ካገኘው መኪና ላይ ይጭነዋል። ይህ ርኅራኄ የሕዝባችን መልካም ጠባይ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕውቀት ያልተጨመረበት ርኅራኄ፥ ቆሞ ሊሄድ ይችል የነበረውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። አከርካሪ 33 አጥንቶች ተደራርበው የሠሩት ዓምድ ነው፤ 7ቱ በአንገት፥ 12ቱ በደረት፥ 5ቱ በወገብ ሲገኙ የቀሩት ከታች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። በውስጡ ባለው ቦይ፥ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፤ የአካል ትእዛዝና ስሜት የሚመላለሰው በዚሁ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ሕብሉ ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ተጎጂውን ያጠፍነውና የጎተትነው እንደ ሆነ ግን የተሰበረው አጥንት ከቦታው ተናውጦ ሕብሉን ይጫነዋል። አጥንት ይገጥማል፤ የተቆረጠውን ሕብል ግን እንደ ነበረ የሚመልስ ሕክምና እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ በቀር ተጎጂውን ከወደቀበት አናንሣው። ራሱን በሁለት እጃችን ደግፈን፥ እንዳይንቀሳቀስ ነግረን አምቡላንስ እንጥራ። ማንሣት ግድ ከሆነም ብዙ ሰዎች ሆነን፥ በአንድ ሰው ትእዛዝ፥ አንገቱና ጀርባው ሳይጣመም እንደ ግንድ አዙረን ሳንቃ ላይ እናስተኛው። የወጌሻን ሙያ እናከብራለን፤ ሆኖም የጀርባ አጥንት ሳይመረመር የሚታሽና የሚሳብ አይደለም። ሐኪሙ በራጂ አይቶ፥ የጸናውን ስብራት በመደገፊያና በማስታገሻ ይጠብቀዋል፤ ያልጸናውን ወይም ሕብሉን የተጫነውን በቀዶ ጥገና፥ በብረት ዘንግና በብሎን ያስረዋል።

ሽባነት ቢደርስም የሕይወት ፍጻሜ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሟል። በዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ክፍል፥ በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠ የመኝታ ቁስልን በመከላከልና ስፖርትን እንደ መድኃኒት በመቍጠር የታወቀ ነው። አበበም በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሳትፏል።

እንግዲህ የተማርን ወጣቶች ድርሻችን ቀላል ነው። በየተማሪ ቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ሳንቃ አዘጋጅተን አያያዙን እንለማመድ። ሰው በወደቀም ጊዜ፥ ከሚሮጠው ሕዝብ መካከል «ቆዩ፥ አታጥፉት!» የሚል አንድ ሰው አይጥፋ።