ሚያዝያ 27 ለአራት ኪሎ፣ ሚያዝያ 1 ለማን?

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ጠዋት አራት ኪሎ ላይ የሚሆነውን ጋዜጣ አዟሪው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ማርሽ ባንዱ ይነፋል። አርበኞችና የአርበኛ ልጆች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። አበባው ከሐውልቱ ሥር ይቀመጣል፣ ንግግር ይነበባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። ጀግናውም እስከ ከርሞ በደህና ይቆይ!

ለመሆኑ ሚያዝያ 27 ምን የሆነበት ቀን ነው? «ንጉሡ የገቡበት» ይላል አንዱ። «ጣሊያን የወጣበት» ይላል ሌላው። ነገሩ ግን ይህች ቀን ሁለት ፊት አላት። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወጥተው ነበር፤ ከተማይቱም በዝርፊያና በእሳት ታምሳለች። ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በእንጦጦ በኩል ወርደው እዚያችው ከተማ ገቡ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ አንዲት ቀን ሳትዛነፍ! ድንገት የገጠመ አይመስልም። ወራሪ የገባበትን ቀን በባለቤቱ መግቢያ መደምሰስ ብልሃት ነውና ማንም አይነቅፈውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለቱ ሚያዝያ 27ቶች መቁጠሪያው ላይ ተደራርበው አንድ ሆኑና በመሀላቸው ያለውን አምስት ዓመት ዋጡት። ንጉሡ ወጡ፣ ንጉሡ ገቡ፣ አለቀ! ታዲያ በመሀሉ አገሪቱን ይዞ የቆየው ማን ነው? ጋኔን ነው?

ቀን አዘዋዋሪዎች

ደርግ ሲመጣ የንጉሥ መግቢያ ማክበር አልዋጥልህ አለውና የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ምን ሆነ? የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር፣ ማለትም እንግሊዙና ደቡብ አፍሪካዊው፣ አዲስ አበባን ከጣሊያን እጅ የተረከበበት ቀን ነው። ጉድ እኮ ነው! ጠዋት ማታ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» እያለ የሚጮህ መንግሥት በዓሉን ከንጉሡ ነጥቆ ለእንግሊዝ ሰጠው። ያውም በዚያችው መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከንጉሡ ሸሽቶ ንጉሡ ላይ መውደቅ ይሏል ይህ ነው።

ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ከአማኑኤል ወደ መድኃኔዓለም እንደ ማለት ነው። ይኸው መንግሥታቱ በሁለት ቀን ሲጓተቱ አንዳቸውም የመንዝን ገበሬ «ለመሆኑ አንተ የትኛዋን ቀን ታስባለህ?» ብለው አልጠየቁትም።

እስቲ እኛ እንጠይቅለት።

ፋሲካ በዘረት

ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ እንጂ ሰሜን ሸዋ አልገባለትም። ኃይለ ማርያም ማሞ ገና ከጅምሩ ተነሥተው እስከ 1930 ተዋግተው ወደቁ። በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ከአዲስ አበባ ወጥተው የመንዝን፣ የግሼን፣ የመርሐቤቴን፣ የተጉለትንና የቡልጋን ገደል ተጠግተው፣ አንዴ እየተዋጉ አንዴ በዕርቅ ወሬ ጠላትን እያዘናጉ አምስቱን ዓመት ዘለቁ። ይህ ጦር ደመወዝ አልነበረው፣ ስንቅ ክፍል አልነበረው። ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነበር፤ ሐኪም ቤቱ የገበሬው ሚስት እጅ፣ ምሽጉ የገበሬው ዋሻ። ስለዚህ ጠላት ተዋጊውን ማግኘት ሲያቅተው ጎተራውን፣ ሚስቲቱንና ዋሻውን መፈለግ ያዘ።

መንዝ ውስጥ ዘረት በሚባል ስፍራ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ፤ አመፀኛ ዋሻ ይባላል። አመፀኛ? በማን ላይ? በገዛ አገሩ የተቀመጠ ሰው በማን ላይ ያምፃል? በ1931 ዓ.ም. ከአበበ አረጋይ ወገን ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ ሴቱና ሕፃኑ ከተሾመ ሸንቁጥ ተዋጊዎች ጋር እዚያ ተጠግቶ ነበር። የጣሊያን ጦር ከበበው። በጥይትና በመድፍ አልወጣ ሲለው መርዝ የሚረጨውን የኬሚካል ጓድ አመጣ። ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት የሰናፍጭ ጋዝ በበርሜል ከገደሉ አፋፍ ወደ ዋሻው አፍ ተለቀቀ፤ ሌላ መርዝ ያዘለ የመድፍ ጥይትም ተተኮሰ። ተሾመና ጥቂት ሰዎች በሌሊት ጥሰው ወጡ። የቀሩት እጃቸውን ሲሰጡ ወንዶቹ በቡድን በቡድን ተረሸኑ። ነገሩን የመረመረው ጣሊያናዊው የታሪክ ሰው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሟቹን ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሰዋል።

አሁን ቀኗን ልብ በሉ። ሚያዝያ 1 ቀን 1931 እሑድ ነበር፤ ያውም ትንሣኤ! የእኛም ፋሲካ የሮማም ፋሲካ በአንድ ቀን የዋሉበት ዓመት ነው። ሮማ «ክርስቶስ ተነሣ» ብላ ደወሏን ስታሰማ፣ ወታደሮቿ መንዝ ላይ ያንኑ ክርስቶስ ተነሣ የሚል ሕዝብ በዋሻ ዘግተውበታል። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በስቅለት ዕለት፣ ይኸው ሙሶሊኒ አልባኒያን ወሯል። ጋዙም ቢሆን ጣሊያን ራሷ በፈረመችው የ1925ቱ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የጄኔቫ ስምምነት የተከለከለ ነው። በዓልም ፊርማም የማያግደው መንግሥት!

የወጋው ጽፎ፣ የተወጋው ረስቶ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገሬ ሰው። በእኛ ጊዜ ተረቱም ተገለበጠ። ከኬሚካል ጓዱ አንዱ የነበረው አሌሳንድሮ ቦአሊዮ ያየውን ጽፎ አኖረ፤ ጽሑፉ በአገሩ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የጦሩን ሰነድ ከመዝገብ ቤት አገላብጦ በ1998 ዓ.ም. ወሬውን ያወጣውም ጣሊያናዊ ነው። ቀጥሎ እስፓኛዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል ከእኛው ዮናታን ሳህሌና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ዋሻውን አጥንተው በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ። የሰው አጥንትና የቤት ዕቃ ነው ያገኙት። ከ60 ዓመት በላይ አልፎ! የመንዝ ሰውማ መች ረሳ? የረሳው መንግሥት ነው፤ አንዱም ከሌላው አይሻልም።

ለምን ተረሳ? ግምታችንን እንናገር። በዚያ ሚያዝያ ከገደሉ አፋፍ የቆመው ነጭ ብቻ አልነበረም፤ በጣሊያን ሥር የተሰለፈ የአፍሪካ ልጅም ነበር። ከነፃነት በኋላ ለጠላት ያደረው ሹመት ሲያገኝ፣ እነ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። በእንዲህ ያለ አገር ዋሻው ቢከፈት የሚያፍረው ሰው ብዙ ነው። በውጭም ያው ነው። ባዶሊዮ ምን ሆነ? ሙሶሊኒ ሲወድቅ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ! ኢትዮጵያ ወንጀለኞቹን ስጡኝ ብትልም በሠሩባት ግፍ አንድም የጣሊያን ጄኔራል ችሎት አልቆመም። ጣሊያን ጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው በፈረንጆቹ 1996 ነው።

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አራት ኪሎ

«ስንት በዓል እናክብር? ሥራ ይፈታል» የሚል አይጠፋም። ማን ሥራ ይፈታ አለ? ከሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ተሳፍሮ አራት ኪሎ የሚወርድ አንባቢ አንድ ነገር ያስብ። አደባባዩ በሜክሲኮ ስም የተጠራው፣ ያ አገር የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዱ ስለነበረ ነው። የእኛ ሚያዝያ 27 በፈረንጅ ሜይ 5 ነው፤ ሜክሲኮም ይህችኑ ቀን ታስባታለች። በፈረንጆቹ 1862 ፑዌብላ በምትባል ከተማ የደኸየ ጦሯ የፈረንሳይን ጦር የመታበት ቀን ነው። በዓመቱ ፈረንሳይ ዋና ከተማዋን ያዘች፤ ፕሬዚዳንት ኋሬዝ ለቀው ወጡ፣ ተመልሰው የገቡትም በ1867 ነው። ዓለም የሚያውቅላቸው ቀን ግን መሪው ወደ ቤተ መንግሥት የተመለሱበት ሳይሆን በክፍለ ሀገር የተዋጉበት ነው! ሆላንዶችም ከጀርመን ነፃ የወጡበትን ቀን ሜይ 5 ያከብራሉ፤ ግን በዋዜማው ማታ ለሙታናቸው ሁለት ደቂቃ ዝም ሳይሉ አይጨፍሩም።

እኛም የምንለው ይኸው ነው። ሌላ በዓል አልጠየቅንም። ሚያዝያ 27 ጠዋት፣ ንግግሩ ከመነበቡ በፊት፣ ዘረት ስሟ ይጠራ፤ አንድ ደቂቃም ዝም ይባልላት። የዋሻው አጥንት ባገሬው ፈቃድና በካህናቱ ጸሎት በክብር ይረፍ። ዋሻውም እንደ አራት ኪሎው ሐውልት ሕግና ጠባቂ ይኑረው። ይህ የበጀት ጉዳይ ነው የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ የአንዱን ዓመት የአበባ ጉንጉን ዋጋ ይቁጠርልን።

ሚያዝያ 27ን እያነሡ ከወር ወር ማዘዋወር የቀለላቸው ለምን እንደሆነ ገብቶናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! የበዓሉ ባለቤት በባቡር ወጥቶ በመኪና የተመለሰው አይደለም፤ ባናውን ተከናንቦ አምስት ክረምት ከገደሉ ሳይወርድ የቆየው ነው። ጥሪ ወረቀት ሲታደል እሱ እንዳይዘለል።

ልብ ያለው ልብ ይበል!