ዶሮ ማነቂያ ዩናይትድ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው እሁድ አራት ኪሎ፣ ዘወትር ከምንቀመጥባት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ማኪያቶአችንን ይዘን የሰው ስም ስናነሳና ስንጥል (ይቅር ይበለን) ኳስ የያዙ ስድስት ሰባት ልጆች መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። መሐላቸው አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አለ፤ ጭቅጭቃቸው ግን የአንድ ፓርላማ ያህላል።

ጆሯችንን ጣል አደረግን። ልጆቹ ያደጉት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ቤተሰቦቻቸው አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ የከተማው ዳርቻ ተበተኑ። እነሱ ግን እሁድ እሁድ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ እየመጡ አብረው ይጫወታሉ። ለክረምቱ የሰፈር ውድድር ሊመዘገቡ ነው። ወረቀቱ ላይ «የቡድኑ ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ የጭቅጭቁ ምክንያት እሱ ነው። አንዱ «አራዳ ዩናይትድ» ይላል። አንዱ «ፒያሳ ሲቲ» ይላል። «ሪያል አራዳ» ያለም አልጠፋ። ከመሐላቸው አንዱ ዝግ ባለ ድምፅ «ለምን ዶሮ ማነቂያ አንለውም?» ሲል ሁሉም ሳቁበት። «ማን ማልያ ላይ ዶሮ ማነቂያ ብሎ ይጽፋል?»

ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ወደ እኛ ዞረ። «እናንተ ጋዜጠኞች አይደላችሁ እንዴ? እስቲ ስም አውጡልን።»

ጋዜጠኝነት ተምረን ስም አውጪ እንሆናለን ብለን አስበን አናውቅም። ግን ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይደለም። የአገራችን የእግር ኳስ ክለቦች ስም በተነሳ ቁጥር «አሁን ይሄ ስም ነው? እንደ አውሮፓ ክለቦች ቢሰየሙ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ምንም አያስፈልገንም። ምክንያት አለን።

መጀመሪያ፣ የአውሮፓ ስም የሚባለው ምንድነው?

አርሰናልን እንውሰድ (ግማሾቻችን ደጋፊዎቹ ነን፤ ስቃዩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ)። እ.ኤ.አ. በ1886 ክለቡን የመሠረቱት ዉልዊች በተባለው የለንደን ሰፈር በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አርሰናል ማለትም የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ማለት ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲጀመር ኒውተን ሂዝ የሚባል የባቡር ሠራተኞች ቡድን ነበር፤ አሁን የምናውቀውን ስም ያገኘው በ1902 ነው። የሆላንዱ ፒ.ኤስ.ቪ. የመጀመሪያ ፊደሉ «ፊሊፕስ» ማለት ነው፤ አዎ፣ አምፖልና ራዲዮ ይሠራ የነበረው ፊሊፕስ። ባየር ሌቨርኩሰን የመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ነው።

እንግዲህ ጎበዝ፣ ይሄ ከመብራት ኃይል በምን ይለያል? ከሙገር ሲሚንቶ፣ ከወንጂ ስኳር፣ ከድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በምን ይለያል? እኛ «የመሥሪያ ቤት ስም» ብለን የምናፍርበትን እነሱ መቶ ዓመት ሙሉ ዘመሩለትና ጣፈጠ። ልዩነቱ ስሙ ላይ ሳይሆን ዝማሬው ላይ ነው።

አሜሪካኖች ሞክረውታል

በዚህ ነገር ትልቁን ሙከራ ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው። ሊጋቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር አብዛኞቹ ክለቦች እንደ ቅርጫት ኳስ ቡድኖቻቸው ዓይነት ስም ነበራቸው። ቆይቶ አውሮፓን መምሰል አማራቸው። «ዳላስ በርን» በ2005 «ኤፍ ሲ ዳላስ» ሆነ። በዚያው ዓመት «ሪያል ሶልት ሌክ» የሚባል አዲስ ክለብ ሊጉን ተቀላቀለ። «ሪያል» ማለት ንጉሣዊ ማለት ነው፤ ለማድሪዱ ክለብ ማዕረጉን የሰጠው በ1920 ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ነው። ለዩታዎቹ የሰጣቸው ግን የለም፤ አሜሪካ ንጉሥ የላትማ!

ፍትሐዊ እንሁን፤ ስም ቀይሮ የተሳካለትም አለ። «ካንሳስ ሲቲ ዊዛርድስ» የነበረው በ2010 ማብቂያ ላይ «ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ» ተባለ፤ በ2013ም የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ነገር ግን በመሐል በ2011 የራሱን ስታዲየም ከፍቷል። ዋንጫውን ያመጣው «ስፖርቲንግ» የሚለው ቃል ነው የሚል ካለ እኛም ነገ ጠዋት ስማችንን ቀይረን ሀብታም እንሆናለን።

የሚያስቀናን ሌላ ነገር ነው። ሲያትል ውስጥ በ2008 ለአዲሱ ክለብ ደጋፊው በድምፅ ስም እንዲመርጥ ሦስት አማራጭ ቀረበለት። ሕዝቡ ከትናንት ጀምሮ የሚወደው «ሳውንደርስ» ግን ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። ደጋፊው በባዶ ቦታው ላይ ራሱ ጽፎ አስመረጠው። በ2021 ደግሞ የኮሎምበስ ክለብ ባለቤቶች «ክሩ» የሚለውን ስም ወደ ጎን አድርገው ክለቡን «ኮሎምበስ ኤስ ሲ» ሊሉት ሲነሱ ደጋፊው ተቆጣ፤ በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተቀለበሰ። ከአሜሪካ የምንኮርጀው ካለ ይሄንን ነው፤ ስሙን ሳይሆን ስሙን የሚጠብቀውን ሰው።

የእኛ ስሞች የሚያወሩት

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ ውስጥ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ጣልያን ሲገባ ስሙን ቀማው፤ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብሎ ጠራው። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ አርማ ከሆነው የበትር ጥቅል ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ልብ በሉ፤ ለክለባችን መጀመሪያ የአውሮፓ ስም ያወጣለት ወራሪ ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ማን ማን እንደኖረባት ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ አምስቱን ስሞች ማንበብ ይበቃል። አርመኑ «አራራት» ያለው የራሱ ተራራ ስለሆነ ነው። ግሪኩም ኦሎምፒያኮስን ያመጣው ከገዛ አገሩ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ስም ይዞ ሜዳ ገባ።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ የቅዱሱ ስም ተነሳና ክለቡ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። ደርግ ሄደ፣ ስሙ ተመለሰ። ሁለት መንግሥት የነጠቀውን ስም ሁለቴ ያስመለሰ ክለብ ያለው ሰፈር ነው እንግዲህ ዛሬ ልጆቹ «ዩናይትድ» እንበል የሚሉት!

የጦሩ ክለብም አለ። ለረጅም ዘመን «መከላከያ» ሲባል ቆይቶ ከ2015 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ጥንቱ ስሙ ወደ «መቻል» ተመልሷል። መቻል! በአንዲት ቃል ውስጥ ስንት ነገር አለ። የትኛው «ሲቲ» ነው እንዲህ ያለ ትርጉም ያለው?

ኢትዮጵያ ቡናን ደግሞ ተመልከቱ። ቀድሞ «ቡና ገበያ» ነበር፤ የመንግሥት ቡና ነጋዴ መሥሪያ ቤት ስም ነው እንጂ የፍቅር ስም አይደለም። ደጋፊው ግን እየጮኸ፣ እያለቀሰ፣ እየዘፈነ የራሱ አደረገው። ዛሬ ስታዲየም ውስጥ «ቡና» ሲባል ማንም መሥሪያ ቤት ትዝ አይለውም።

ከነማ ወደ ከተማ

እስካሁን ስለ ውጭ ስም አወራን። የሚያሳስበን ግን በአማርኛ ለብሶ የመጣው ነው። ድሮ አዋሳ ከነማ፣ አዳማ ከነማ፣ ድሬዳዋ ከነማ እንል ነበር። አሁን ሃዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ እንላለን። አንዲት ፊደል ተቀየረች፤ ማንም ሙሾ አላወረደም። «ከተማ» ደግሞ ያው «ሲቲ» ነው፤ ዘመናዊ ይመስላል።

ግን «ከነማ» ምን ነበር? የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር። ከ፣ ነ፣ ማ። «ከተማ» ስንለው የቀሩት ሁለት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ አስቡት፤ «ነዋሪ» እና «ማኅበር»። አዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ነዋሪውም ማኅበሩም በስሙ ውስጥ ነበሩ። በእርግጥ ያኔም ቢሆን ክለቡን የሚያስተዳድረው ነዋሪው ነበር ብለን አንዋሽም። ቢያንስ ስሙ ግን የማን መሆን እንዳለበት ያስታውስ ነበር። አሁን ስሙም እውነቱን ተናገረ፤ በጀት የሚሰጠው የከተማ አስተዳደሩ፣ ስሙም ከተማ።

ይባስ ብሎ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ ለዓመታት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰበ ሲካሄድ «ከተማ» የሚል ስም ያላቸው ክለቦች ከተማቸውን ለቀው የሰው ከተማ ውስጥ ሲጫወቱ አየን። ነዋሪው ክለቡን በቴሌቪዥን ተከታተለ። እንግዲህ ነዋሪው ከስሙም ከሜዳውም ወጣ ማለት አይደል?

በተቃራኒው የሄዱም አሉ። ጅማ ከተማ የነበረው «ጅማ አባ ጅፋር» ሆኖ በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። መቐለ ከተማ የነበረው «መቐለ 70 እንደርታ» ሆኖ በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ። በ2013 ዓ.ም. ያነሳው ደግሞ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው፤ ንጉሡንም «ከነማ»ንም አንድ ላይ ይዞ። ስሙ ዋንጫ አመጣ አንልም (ካንሳስ ሲቲ ላይ ያልነውን እዚህ አንክድም)። ግን ዋንጫ ለማንሳት «ሲቲ» መባል እንደማያስፈልግ ማስረጃ ናቸው።

«ታዲያ ጠቡስ?»

አንድ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ዘለነው ብንሄድ ነውር ነው። የነገሥታትና የአካባቢ ስም ይዘን ስታዲየም መግባታችን ወገንን ከወገን አጋጨ፣ «ዩናይትድ» ቢባል ሁሉንም ያቅፋል የሚሉ አሉ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በስታዲየሞቻችን የነበረውን ውጥረት ያየ ሰው ይህን ቢል አንፈርድበትም፤ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተወሰዱበት ጊዜ ነበር።

ሆኖም ጠቡን ስሙ አልወለደውም፤ ጠቡ ከስታዲየሙ ውጭ ተወልዶ ትኬት ቆርጦ ነው የገባው። ሊድስ ዩናይትድና ማንቸስተር ዩናይትድ ሁለቱም «ዩናይትድ» ናቸው፤ ደጋፊዎቻቸው ግን ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ስም ቢያስታርቅ ኖሮ እነሱ በታረቁ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ስም ችግር አለበት ለሚሉን ግን እንስማማለን። መሥሪያ ቤቱ ሲከፈል፣ ሲታጠፍ ወይም አለቃው ሲቀየር ስሙም አብሮ ይናጋል። መብራት ኃይል «ኢትዮ ኤሌክትሪክ» ሆኗል። ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ ፈረሰ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ባንኩ ሲሻው የሚያፈርሰው፣ ሲሻው የሚሠራው ከሆነ ደጋፊው ምንድነው? መፍትሔው ግን ማልያ ላይ የተጻፈውን መቀየር አይደለም። ክለቡ አባላት ይኑሩት፣ አባላቱ መዋጮ ይክፈሉ፣ ስምና አርማ ያለ አባላት ድምፅ እንዳይቀየር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ። ይህ ከሆነ በኋላ አባላቱ ራሳቸው «ዩናይትድ» እንባል ካሉ፣ እኛ አፋችንን ይዘን እናጨበጭባለን።

ወደ ልጆቹ ስንመለስ

ይህን ሁሉ ለልጆቹ አልነገርናቸውም፤ ማኪያቶው በቀዘቀዘ ነበር። ያልናቸው ይህን ነው፦ አርሰናል የመሣሪያ መጋዘን ነው። ቶተንሃም አርማው ላይ ኳስ የረገጠ አውራ ዶሮ አለ፤ ማንም አይስቅበትም። እናንተ እሁድ እሁድ ሦስት ታክሲ ይዛችሁ የምትመጡት «ሲቲ» ለሚባል ቦታ ነው ወይ? ቤታችሁ ፈርሷል፤ ስሙን ደግሞ እናንተ ታፈርሱታላችሁ?

ዝም አሉ። ቅድም የተሳቀበት ልጅ እስክሪብቶውን አነሳ። አንደኛው ግን አሁንም አልተዋጠለትም፦ «ዶሮ ማነቂያ ረጅም ነው፤ ማልያ ላይ አይበቃም።»

«ቦሩሲያ ሞንሼንግላድባኽ በቅቶ የለም እንዴ?» አልነው።