የዋልታ በረዶ ስለ መሰንጠቁ፥ ምክንያቱ በአንድ ቃል የማይነገር መሆኑ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ለዚህች አጭር ጽሑፌ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ ጥቂት ስፍራ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ከአገራችን እጅግ የራቀ የደቡብ ዋልታ ጉዳይ ነው። ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓትና በእኛም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ክርክር ማስነሣቱን ስላየሁ ዝም ለማለት አልቻልኩም።

ክርክሩም እንዲህ ነው። አንደኛው ወገን ከአንታርክቲካ አንድ ታላቅ የበረዶ ገመስ ተቈርጦ ሄደ የሚል ወሬ በሰማ ቍጥር «ይኸው የዓለም ሙቀት ያመጣው ጣጣ!» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «በረዶ ከጥንት ጀምሮ ሲሰነጠቅ የኖረ ነው፤ ሊቃውንቱም ራሳቸው አምነዋል፤ ስለዚህ የሙቀቱ ነገር ሁሉ ማስፈራሪያ ነው» ብሎ ይመልሳል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። ይሁን እንጂ የሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው የተወለደ ስለ ሆነ ፊተኛውን የበለጠ እወቅሰዋለሁ።

እነዚህ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፎች ረግቶ የቀረ የባሕር ውሃ አይደሉም። በየብሱ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው አመዳይ በራሱ ክብደት ተጨቍኖ ግግር በረዶ ይሆንና እንደ ወፍራም ማር እየተሳበ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ባሕሩን ሲያገኝም ከየብሱ ሳይላቀቅ ይንሳፈፋል። ውፍረቱ ብዙ መቶ ሜትር ነው፤ ከዚሁም ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውሃ በታች ይገኛል። እንዲህ ያለው ንጣፍ በክብደቱ ምክንያት ወደ ፊትና ወደ ጐን ሊሰፋ ይገፋል፤ ከፊቱ ያለው ውሃ ግን ይህን ሁሉ ግፊት መክቶ ሊያቆመው አይችልም። ስለዚህ በረዶው ሁልጊዜ እየተለጠጠ ይኖራል። ሙቀት ቢጨምርም ባይጨምርም የስንጥቅ ሁሉ መነሻ ይህ መለጠጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር የመርካቶ አቡጀዴ ሻጭ ከእኔ አሳምሮ ያውቀዋል። ደኅናውን ጨርቅ በእጁ ስቦ ልቅደደው ቢል ይደክማል፤ በመቀስ ጫፍ ጥቂት ከነካው በኋላ ግን ባንድ ጊዜ ይተረትረዋል። ይኸውም የመሳቡ ኀይል በጨርቁ ሁሉ ላይ መከፋፈሉ ቀርቶ በቅዳዱ ጫፍ ላይ ስለሚከማች ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊዝ ይህንኑ ነገር በመስተዋት ላይ መርምሮ በ1921 በሒሳብ አስቀመጠው (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ስንጥቁ በረዘመ መጠን፥ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ጕተታ እያነሰ ይሄዳል።

ጨርቅ ቀዳጁ ስፌት ላይ ሲደርስ እጁን እንደሚይዘው ሁሉ በረዶውም ስፌት አለው። ከየብስ የሚወርዱ ሁለት ግግሮች ጐን ለጐን በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የባሕር ውሃ ከሥር እየረጋ የሚለጠፍበት፥ ለስለስ ያለ፥ በቀላሉ የማይሰነጠቅ በረዶ ይገኛል። ላርሰን ሲ በሚባለው ንጣፍ ብዙ ስንጥቆች እዚህ መስመር ላይ ደርሰው ቆመው ነበር። ከነዚህ አንዱ በ2014 ስፌቱን አልፎ ሮጠና በሐምሌ 2017 አንድ የበረዶ ደሴት ቈርጦ ጣለ። ስፋቱም 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ማለት ከአዲስ አበባ ከተማ ዐሥር ጊዜ የሚበልጥ ነበር። ያን ስንጥቅ ሲከታተሉ የነበሩት የዌልስ ሊቃውንት ነገሩን ከአየር ንብረት መለወጥ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘንም ብለው በግልጽ ተናገሩ። ይህ ቅንነታቸው ሊያስመሰግናቸው ሲገባ፥ ለሁለተኛው ወገን መከራከሪያ ሆኖ ቀረ።

የብራንት ንጣፍም ነገር እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ እንግሊዞች ከ1956 ጀምሮ ሃሊ የተባለ የምርምር ጣቢያ አላቸው፤ በሰማይ ላይ ያለው የኦዞን ሽፋን መሳሳቱም በ1985 ለዓለም የተገለጠው በዚሁ ጣቢያ መለኪያ ነው። ለ35 ዓመት ያህል ጸጥ ብሎ የኖረ አንድ ገደል በ2012 እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። በዚህም የተነሣ ሙሉው ጣቢያ በሸርተቴ እየተጐተተ 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ተዛወረ። ገደሉም በጥር 2023 ተፈጽሞ 1,550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን በረዶ ተለየ። ይህንንም የጣቢያው ባለቤቶች የተፈጥሮ ሥርዓት ነው ብለውታል። ዛፍ ቅጠሉን ስላረገፈ ታመመ አይባልም።

እንግዲህ ሙቀት የሚገባው በየት በኩል ነው? መንገዱ ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ውሃ ነው።

በንጣፉ ገጽ ላይ ያለ ደረቅ ስንጥቅ ወደ ታች ጥቂት ከወረደ በኋላ የበረዶው ክብደት ከግራና ከቀኝ ተጭኖ ይዘጋዋል። በጋው ሞቆ በረዶው ቀልጦ ስንጥቁ ውሃ ከሞላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ሲመዝን፥ ያው መጠን በረዶ 917 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው የስንጥቁን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል በረዶው ሊዘጋው ከሚጫንበት ይበልጣል፤ እንጨት ፈላጭ እንደሚመታው ሽብልቅ ሆኖም እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። በአፋር በ2005 መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ስትሰነጠቅ ሽብልቁ ከሥር የመጣ የቀለጠ ዐለት ነበር፤ የሥራው ጠባይ ግን ከዚህ አይርቅም።

ይህ በላርሰን ቢ ላይ በዓይን የታየ ነው። ያ ንጣፍ ቢያንስ ለዐሥር ሺህ ዓመታት ያህል ቆሞ የኖረ ነበር። በዚያ አካባቢ ግን ከሃያኛው ምእት ዓመት እኩሌታ ወዲህ የአየሩ ሙቀት ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ጨምሮ ስለ ነበር፥ ገጹ በበጋ ብዙ ኩሬዎች ይይዝ ጀመር። በ2002 መጀመሪያ፥ በ35 ቀን ያህል ውስጥ፥ የጣና ሐይቅን ስፋት የሚያህል 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር በረዶ ደቅቆ ሄደ። ይህ አንድ ገመስ ተቈርጦ እንደ መሄድ አይደለም፤ ቤቱ እንዳለ መፍረስ ነው።

ሌላው መንገድ ከሥር ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ በፓይን አይላንድና በትዌትስ በኩል ከጥልቁ ባሕር የሚመጣ ሞቅ ያለ ውሃ ንጣፉን ከታች እየላሰ ያሳሳዋል። የሳሳው ንጣፍም ከሥሩ ይዞት ከነበረው ከባሕር ወለል ጕብታ ይላቀቃል፤ መያዣ ያጣ በረዶ ደግሞ የበለጠ ይለጠጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ ደግሞ የተማረ ሰው ነው፥ «ተንሳፋፊ በረዶ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ አይልም፤ ደግሞስ እኛ ባሕር የለን!» ብሎ ሞገተኝ። የመጀመሪያው ነገሩ እውነት ነው፤ በብርጭቆ ውስጥ ያለ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው አይፈስም። ነገር ግን ንጣፉ ከኋላው ላለው የየብስ በረዶ እንደ መዝጊያ ነው። ላርሰን ቢ ከፈረሰ በኋላ ከኋላው የነበሩት ግግሮች ፍጥነታቸው ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ አጠገባቸው ያሉትና ከፊታቸው የንጣፉ ቅሬታ ያልተነሣባቸው ግን ይህን ያህል አልፈጠኑም። ከዚህ የበለጠ ጥሩ ፈተና በቤተ ሙከራም አይገኝም። ባሕርን ከፍ የሚያደርገው ይህ ከየብስ የሚወርደው ነው። ባሕር የለንም ለሚለውም፥ ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሚገባ ማስታወስ ይበቃል፤ ወደብ ደግሞ ከተራራ ላይ አይሠራም።

እኔ በክፍሌ «በረዶው ለምን ተሰነጠቀ?» ብዬ ጠይቄ ተማሪው «በሙቀት» ብሎ ቢመልስልኝ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጠው። ምነው አጠበቅህ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የምፈራው ያ ልጅ ነገ ስለ ላርሰን ሲ እውነቱን ሲያነብ አስተማሪዬ ዋሽቶኛል ብሎ ላርሰን ቢንም አብሮ እንዳይክድ ነው። እንዲህ ያለ ክሕደት በትልልቅ ሰዎችም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ከገባም በሙግት አይወጣም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ ሆይ፥ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ወሬ ከውጭ ሲደርስዎ ከስፋቱ ቍጥር ጋር በረዶው የተቈረጠው ከየትኛው ንጣፍ እንደ ሆነ፥ የንጣፉ ጠርዝ ከዱሮው መስመር ወደ ኋላ አፈግፍጎ እንደ ሆነና ከኋላው ያለው ግግር ፈጥኖ እንደ ሆነ ቢያስጨምሩልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ይህ ከአራት መስመር የሚበልጥ ስፍራ አይፈጅም።

አክባሪዎ፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ