በጅቡቲ ከተማ የቤት አየር ማቀዝቀዣ በአነስተኛ ወጪ ስለ መለወጥ

በደጋ አገር ለሚኖር ሰው የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ የድሎት ዕቃ መስሎ ይታየዋል። አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ ወር ጋቢ ደርቦ ለተቀመጠ ሰው የጅቡቲን ሐምሌ በአሳብ ብቻ ማወቅ የሚቻለው አይደለም። በጅቡቲ ከተማ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በሐምሌም ሌሊቱ እንኳ ከ30 ዲግሪ በታች የሚወርደው በጭንቅ ነው። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ፣ ከበረሃው በኩል፣ አቧራና አሸዋ ጭኖ በሚመጣበት ሰሞን የቤት በር መክፈት የምድጃ አፍ እንደ መክፈት ይቆጠራል። ስለዚህ ሕፃን ለታቀፈች እናት ወይም ያረጁ ወላጆቹን ለሚጦር ልጅ ይህ መሣሪያ የእንቅልፍና የጤና ጉዳይ ነው። በተሰበረም ጊዜ ባለቤትና ባለቤት ተቀምጠው የሚመክሩት ምክር ቀላል አይደለም፤ ከአንድ በኩል የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ለአገር ቤት ዘመድ የሚላከው ገንዘብ፣ ከሌላ በኩል የመሣሪያው ዋጋ በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉና።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው በአንዳንድ ሰፋፊ ቪላዎች ስለሚገኘው ስለ ትልቁ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በግቢው ወይም በጣራው ላይ ተተክሎ፣ በኮርኒሱ ውስጥ በተሠወሩ የአየር ቦዮች አማካይነት ቤቱን በሙሉ በአንድነት የሚያቀዘቅዝ ነው። በጅቡቲ የሚበዛው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና ሰዉ በፈረንሳይኛው አጠራር «ክሊም» የሚለው ስፕሊት ነው። ትልቁ መሣሪያ ሥራውን ሲያቆም የብዙ ሰው የመጀመሪያ አሳብ የዚያኑ ዓይነትና የዚያኑ መጠን ገዝቶ በቦታው መተካት ነው። እኛ ግን ይህ አሳብ ጥቂት ቀን ቢያድር ይሻላል እንላለን።

አስቀድሞ መሣሪያው በእውነት ሞቶ እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ፣ ወይም የውጭው አካል ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች በባሕር ጨውና በካምሲን አቧራ ተለብጠው አየር ማሳለፍ ስለ ተሳናቸው ብቻ «ተበላሸ» የተባለ መሣሪያ ጥቂት አይደለም። ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ሲቃጠልም መሣሪያው እንዳለ ዝም ይላል፤ የዚህ ዕቃ ዋጋ ከአዲስ መሣሪያ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጋዙ ጎድሎ ከሆነ ቀዳዳው የት እንዳለ ሳይፈለግ ጋዝ መጨመር በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ልብ ሆኖ የሚሠራው ኮምፕሬሰር ራሱ ተቃጥሎ እንደሆነና መሣሪያውም ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ እንደሆነ ግን፣ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የባከነ ገንዘብ ነው። ይህን ፍርድ አዲሱን መሣሪያ ሊሸጥ ከመጣው ሰው ብቻ መቀበል ተገቢ አይመስለንም፤ ከሽያጩ ጥቅም የሌለው ሌላ ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው።

የጋዙ ነገር ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት አር-22 በሚባለው ጋዝ ሲሆን፣ ይህም ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ በመሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነትና እርሱን ተከትለው በመጡት ውሳኔዎች መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። በማደግ ላይ ላሉት አገሮች የተሰጠው ቀነ ገደብ በ2030 ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለነባር መሣሪያዎች ጥገና የሚሆን እጅግ ጥቂት መጠን ብቻ ነው። እንግዲህ ዛሬ ለአር-22 መሣሪያ አዲስ ኮምፕሬሰር የሚያስገባ ሰው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋዙን በብዙ ዋጋ ሲፈልግ ይኖራል። የውጭውን አካል ብቻ በአዲስ ጋዝ በሚሠራ ለውጦ የውስጡን አሮጌ አካል እንዳለ ማስቀረትም ርካሽ መስሎ የሚታይ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የሁለቱ መጠንና ግፊት ካልተስማማ አዲሱ በአሮጌው ምክንያት ይሰበራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጅቡቲ ትልቁ ወጪ መሣሪያው ሲገዛ የሚከፈለው አይደለም፤ ከገዙት በኋላ በየጊዜው ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ነው። የዚያች ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ለብዙ ዘመን በነዳጅ ሞተር ሲመነጭ ቆይቶ፣ ከ2011 ወዲህ ከአገራችን በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መሥመር የውኃ ኃይል እየደረሳት ነው፤ በ2023ም በጉቤት 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቆአል። ይህም ሁሉ ሆኖ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ከባድ እንደሆነ አለ። አንድ 60,000 ቢ.ቲ.ዩ. ኃይል ያለው ያረጀ ትልቅ መሣሪያ ሲሠራ ወደ 6 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 48 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 1,440 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሆኑ ሁለት አዳዲስ ስፕሊቶች በአንድነት 2.2 ኪሎዋት ቢወስዱ፣ በዚያው ስምንት ሰዓት የወሩ ድምር 528 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንባቢው የነዚህን የሁለቱን ልዩነት በራሱ የኤሌክትሪክ ደረሰኝ ላይ በተጻፈው ዋጋ ቢያባዛው፣ አዲሱ መሣሪያ በስንት ወር ዋጋውን እንደሚመልስ ሌላ ሰው ሳይነግረው ያገኘዋል።

በእርግጥ ንጽጽሩ እኩል አይደለም፤ ትልቁ ቤቱን በሙሉ ያቀዘቅዛል፣ ሁለቱ ግን ሁለት ክፍል ብቻ። የምክራችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ማንም የማይተኛበትን ሳሎን፣ ባዶ የሆነውን ኮሪደርና የእንግዳ ክፍል ሌሊቱን ሁሉ ማቀዝቀዝ ምን ይጠቅማል? ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ቤቱን ማቀዝቀዝ ትቶ የሚተኙበትን ሰዎች ማቀዝቀዝ ይችላል። በዘንድሮው ዓመት አንድ ክፍል፣ በሚመጣው ዓመት ሌላውን፣ እንዲህ እያለ በየተራ መሥራት ዕዳ ውስጥ ሳይገቡ የሚቻል ነገር ነው። ቤተሰቡ ብዙ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ቀንና ሌሊት ሰው የማይለያቸው፣ የአየር ቦዮቹም ያልተቀደዱ ከሆኑ ትልቁን በትልቅ መተካት ስሕተት አይሆንም፤ ግን እንዲህ ያለው ቤት ጥቂት ነው።

የትኛው ክፍል ይቅደም የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ክርክር እንደሚያስነሣ እናውቃለን። ከቀትር በኋላ ሱቆች ተዘግተው ከተማው ጸጥ በሚልበት ሰዓት ጫት የሚቃምበት መብራዝ መቀዝቀዝ አለበት የሚሉ አባወራዎች አሉ። እኛ በበኩላችን ያለ አንዳች ማመንታት የሕፃናትና የአረጋውያን መኝታ ይቅደም እንላለን። የሕፃንና የሽማግሌ ሰውነት ሙቀቱን በላብ አውጥቶ ራሱን ማብረድ እንደ ጎልማሳ አይሆንለትም፤ የሙቀት ሕመምም የሚጸናው ሌሊት ዕረፍት ባጣ ሰው ላይ ነው። ቬንቲላተር ብቻ ይበቃል የሚል ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት አየሩ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ ቬንቲላተር ሰውነትን ይበልጥ እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። መብራዙ እስከ ጥቅምት ቢታገሥ ምንም አይጎዳም።

ርካሽ ነው ተብሎ ስለሚሸጠው፣ ውኃ በሚረጥብ መጋረጃ ውስጥ አየር እያሳለፈ ስለሚያቀዘቅዘው መሣሪያም አንድ ቃል እንናገር። ይህ በካምሲን ሰሞን፣ አየሩ ደረቅ ሳለ፣ መልካም አድርጎ ይሠራል፤ በግንቦትና በመስከረም ግን፣ ነፋሱ ቆሞ የባሕሩ እርጥበት ከተማውን ሲሸፍን፣ ክፍሉን የእንፋሎት ቤት ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

አዲስ መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ ሙቀቱ የሚገባበትን በር መዝጋት ይገባል፤ ሙቀት ባነሰ መጠን የሚገዛው መሣሪያም ያንሳልና። ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው፣ ዛሬ በ1977 የነፃነት ቀን በሰኔ 27 ስም በሚጠራው አደባባይ ዙሪያ ያሉትን አሮጌ ቤቶች የተመለከተ ሰው፣ ያለ ኤሌክትሪክ የኖሩት ግንበኞች ይህን ጉዳይ እንዴት እንዳሰቡበት ያያል። በረንዳው በቅስት ተሸፍኖ ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትነካ ይከለክላል፤ ቀለሙ ነጭ ነው፤ ጣራው ከፍ ያለ ነው። በባልባላ ያለው የቆርቆሮ ቤትም ሆነ በሄሮን ያለው ቪላ ከዚህ የሚማረው አለ። ጣራውን በነጭ ቀለም ወይም በኖራ መቀባት፣ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማበጀት፣ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ላይ ከውጭ ምንጣፍ ወይም ሸራ መጋረድ እጅግ በትንሽ ወጪ የሚፈጸም ነው። መጋረጃው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ከውስጥ ከሆነው ይልቅ ይረዳል፤ ፀሐይቱ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ሙቀቷ ቤት ገብቶአልና።

መሣሪያውን ሲገዙ በጎኑ በተለጠፈው ሠሌዳ ላይ መመልከት የሚገባ አንድ ምልክት አለ። የብዙዎቹ መሣሪያዎች ኃይል የሚለካው የውጭው አየር 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ይህም ቲ-1 ይባላል። ለሞቃት አገር ተብለው የተሠሩት ግን በ46 ዲግሪ ይፈተናሉ፤ ምልክታቸውም ቲ-3 ነው። ለአውሮፓ የተሠራ መሣሪያ በጅቡቲ ሐምሌ ቀትር ላይ ኃይሉ ሲያንስና ኮምፕሬሰሩ ሲጨነቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቲ-3 የሆነውንና የውጭው ክንፍ ከጨው የሚጠብቅ ቅብ ያለውን መምረጥ፣ በመጀመሪያ ጥቂት ፍራንክ ቢያስጨምርም ይመረጣል። መጠኑንም ማብዛት ብልኅነት አይደለም፤ 14 ካሬ ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት ከ9,000 እስከ 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. ይበቃል። ከመጠን ያለፈው መሣሪያ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አብርዶ ስለሚቆም እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል፤ ቤቱም ቀዝቃዛ ሆኖ የረጠበ ጨርቅ ሽታ ይሸታል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ሞተሩን እንደ አስፈላጊነቱ እያዘገመና እያፈጠነ ስለሚሠራ፣ ለረጅም ሰዓት ለሚበራ መኝታ ቤት ተስማሚ ነው።

የሚገዛበትም ጊዜ አለው። በሰኔ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ባለሙያ ሲፈልግ፣ ዋጋውም ሥራውም ይበላሻል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት የሠራተኛው እጅ ይፈታል፤ ሥራውንም ሳይቻኮል ይሠራዋል። ሲሠራ የቤቱ ባለቤት ወይም እመቤቲቱ አጠገቡ ቆመው ሁለት ነገር ቢጠይቁ አያፍሩ። አንደኛው፣ ቱቦዎቹ ከተገጠሙ በኋላ በውስጣቸው ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ወጥቶአልን? ይህን ያልፈጸመ ሠራተኛ የመሣሪያውን ዕድሜ ያሳጥረዋል። ሁለተኛው፣ የውጭው አካል የሚቀመጠው ጥላ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ነውን? ለቮልት መዋዠቅም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንዲነሣ የሚያደርግ መከላከያ ቢገጠም መልካም ነው።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በጅቡቲ የሚኖሩት ወገኖቻችን የሚበዙት ተከራዮች ስለሆኑ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። የባለቤቱን ትልቅ መሣሪያ በራስ ገንዘብ ማሳደስ ለሌላ ሰው ቤት መሥራት ነው፤ ስፕሊት ግን ኪራዩ ሲያልቅ ተፈትቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ግድግዳ ከመብሳት በፊት መሣሪያው የተከራዩ እንደሆነ፣ ወይም ዋጋው ከኪራዩ ላይ በየወሩ እንደሚቀነስ በጽሑፍ መስማማት ያሻል። በቃል የተነገረ ስምምነት በመልቀቂያው ቀን ሲረሳ ብዙ ጊዜ ይታያል።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ በ20 ዲግሪ ላይ አስቀምጦ ብርድ ልብስ መልበስ በአንዳንድ ቤት ልማድ ሆኖአል። ውጭው 40 ዲግሪ ሲሆን መሣሪያው በ20 ላይ የሚታገለው ከ20 ዲግሪ ልዩነት ጋር ነው፤ በ26 ላይ ግን ከ14 ጋር፤ ድካሙ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። አየሩ ውስጥ ለውስጥ በትንሽ ቬንቲላተር ከተንቀሳቀሰ 26 ዲግሪ ለእንቅልፍ ምቹ ነው።

ከመሣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃም በከንቱ አይፍሰስ። ለመጠጥ አይሆንም፤ ነገር ግን ጨው የሌለበት ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ መሣሪያውን አጥፍቶ የውጭውን ክንፎች ከባሕር ጨው ለማጠብ ይጠቅማል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውኃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ በእርሱ ያጠበ ሰው ጨውን በጨው ያጥባል። በኮርኒሱ ውስጥ ባዶውን የቀረው የአሮጌው መሣሪያ ቦይ ደግሞ በየክፍሉ ያለው አፉ በደንብ ይደፈን፤ አለዚያ የጣራው ሙቀትና የካምሲን አቧራ ይገቡበታል፤ አይጥም መንገድ ታደርገዋለች።