ካሴቱን የገለበጠው ማን ነው?

ንጹህ ሰው ከእስር ሲወጣ ጠበቃውን እናመሰግናለን። በየሰፈሩ ዞሮ ማስረጃ የሚያሰባስበውን መርማሪ ግን ማን ያስታውሰዋል?

በአሜሪካ አላባማ ግዛት ዋልተር ማክሚሊያን በ1988 እ.ኤ.አ. ባልፈጸመው ግድያ ሞት ተፈረደበት። በዚያ ሰዓት ቤቱ እንደነበር ብዙ ሰው መስክሮለታል፤ ማን ሰምቷቸው! መኪናውን በቦታው አየሁት፣ ዝቅ ያለች ናት ያለ ምስክርም ነበር። መካኒኩ ሲጠየቅ ግን መኪናዋ ዝቅ የተደረገችው ከግድያው ወራት በኋላ ነው። ዋናው ምስክር ደግሞ «በንጹህ ሰው ላይ እንድመሰክር አስገደዱኝ» ብሎ ሲያማርር የተቀዳው በአንድ ካሴት ጀርባ ላይ ተገኘ። ሰውየው በ1993 ተፈታ።

ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ይሁንና ያለ ጋራዡና ያለ ካሴቱ ምን ይዞ ይከራከር ነበር? ስለዚህ ለፍትሕ ድርጅት የምትለግሱ ሁሉ፣ መጀመሪያ «ስንት መርማሪ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።