«ከገበያ የጠፋ» ማለት ብቻውን አይበቃም

ያገለገሉ መጻሕፍትን በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች የሚያወጧቸውን ማስታወቂያዎች እስቲ ለሁለት ለሦስት ቀን ተከታተሉልኝ። የሽፋን ፎቶ ታገኛላችሁ፤ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ስልክ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከዚያ «ከገበያ የጠፋ» የምትል ሐረግ ከሦስት ቃለ አጋኖ ጋር ትመጣለች። በቃ፣ አለቀ። መጽሐፉ መቼ ታተመ? ስንተኛ እትም ነው? ገጹስ ሙሉ ነው? መልስ የለም። እኔም ከትምህርት ሰዓት ውጪ ከቤቴ ሆኜ በዚሁ ሥራ የምውል ተማሪ ነኝና ነገሩ በቀጥታ ይመለከተኛል። እንደ እኔ እምነት ያገለገለ መጽሐፍ በስልክ የሚሸጥ ሰው ዋና ሥራው መጽሐፉን በትክክል መግለጽ ነው። ሌላው ሁሉ ማመላለስ ነው።

ለምን ብትሉ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም መርካቶ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ ስትሄዱ መጽሐፉን አንስታችሁ ታገላብጣላችሁ። ጀርባው መላቀቁን ታያላችሁ፤ እርጥበት ነክቶት እንደሆነ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ነጋዴው አንድ ቃል ባይተነፍስ እንኳ እጃችሁ ያጣራል። በስልክ ሲሆን ግን ገዢው መንካት አይችልም። ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከጎደለ ገዢው ብሩን የሚልከው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ማለት ነው።

ሥራው ለተማሪ የሚመች መሆኑን አልክድም። የሱቅ ኪራይ የለውም። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ስልክና ትንሽ መነሻ ብር ይበቃል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ክፍያውም ቀሏል። መጽሐፉ የሚገኘው ከተመራቂ ተማሪዎች፣ ቤት ከሚቀይሩ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከቆራሌው ነው። ቆራሌው እጅ የገባ መጽሐፍ ቶሎ ገዢ ካላገኘ ዕጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የቆሎና የኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል። ስለዚህ አንድን አሮጌ መጽሐፍ ከሚፈልገው ሰው ጋር ማገናኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የሚፈልገው ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በምን ተጽፎለት ነው?

አንድ ምሳሌ ላንሳ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በ1976 ዓ.ም. ደራሲው ራሱ የደረሰበት ጠፋ። ልብ ወለዱ ከዓመታት በኋላ እንደገና ታትሟል። እንግዲህ ያኔ ከመሰብሰብ የተረፈው ቅጂና በኋላ የታተመው ቅጂ ታሪኩ አንድ ይሁን እንጂ ለሰብሳቢ አንድ ዕቃ አይደሉም። ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይችልም። ሻጩ «ኦሮማይ፣ ከገበያ የጠፋ» ብሎ ብቻ ሲለጥፍ የትኛውን እየሸጠ ነው? በ1958 ዓ.ም. የወጣውና ደጋግሞ የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሳይቀር በዚሁ ሐረግ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ሁሉም ከገበያ ከጠፋ የእውነት የጠፋውን በምን እንለየው?

ታዲያ ምን ይጻፍ? ብዙ አይደለም። የታተመበት ዓመት፣ እትሙ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የገጹ ብዛት፣ የተጻፈበት ወይም የተሰመረበት መኖሩ፣ እርጥበት የነካው መሆኑ፣ የጎደለ ገጽ መኖሩ። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መለየት አለበት፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ቀላል ልዩነት አይደለም። ገጽ መቁጠር የሚሰለቻችሁ ካላችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ብዙ መጻሕፍት የሚጠረዙት 16፣ 16 ገጽ እየታጠፈ ነው። ስለዚህ ጥራዙ ሲላቀቅ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ሳይሆን አንዱ እጥፋት እንዳለ ነው። የገጽ ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ውጭ አገር ያሉት ነጋዴዎች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። በ1949 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የመጽሐፍ ነጋዴዎች መጽሔት የመጽሐፍ ይዞታ መግለጫ ቃላትን ከነትርጉማቸው አውጥቷል። በዚያ ዝርዝር «ጥሩ» የሚለው ቃል ማሞገሻ አይደለም። በመጠኑ ያረጀ፣ ገጹ ግን ሙሉ የሆነ ማለት ነው፤ ጉድለት ካለም ይጻፋል። እኛ ዘንድ «ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» የሚባለው ግን እንደ ሻጩ ስሜት ነው። እኛም «እንደ አዲስ»፣ «ያገለገለ ሙሉ»፣ «ጉድለት ያለው» የሚሉ ሦስት ቃላት ላይ ብንስማማ ምን ይጎዳናል?

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ደርሶብኝ ጭምር ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሻጭ «ጥሩ ይዞታ» የተባለ ልብ ወለድ አዘዝኩ። መጣ። መጨረሻው የለም! የመጨረሻዎቹ 16 ገጾች ወድቀዋል። ስደውል «አሮጌ መሆኑን እያወቅህ ነው የገዛኸው» ተባልኩ። አሮጌነትና ጎዶሎነት መቼ አንድ ሆኑ? በተቃራኒው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከእኔ ሲገዙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እትም ነው?» የሚል ነበር። በወጣትነታቸው ያስተማሩበትን መጽሐፍ ነበር የሚፈልጉት። «ጋሼ፣ ዓመቱ እሱ ነው፤ ሽፋኑ ግን ተቀዷል» አልኳቸው። «ሽፋኑን ምን አደርገዋለሁ!» ብለው ወሰዱት። ጉድለቱን መስማታቸው ከመግዛት አላገዳቸውም።

«ጉድለቱን ከጻፍኩ ዋጋው ይወርዳል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው፣ ይወርዳል። ግን እናስላው። መጽሐፉን በ150 ብር ገዛሁት፣ ለማድረሻ 50 ብር አወጣሁ እንበል። ጉድለቱን ጽፌ በ260 ብሸጠው 60 ብር ይተርፈኛል። ደብቄ በ300 ብሸጠው 100 ብር ያተረፍኩ ይመስለኛል። ገዢው ከመለሰው ግን 300ውን እመልሳለሁ፣ ለማስመለሻ ሌላ 50 ብር ከኪሴ አወጣለሁ። 100 ብር ከስሬ መጽሐፉም እጄ ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይደውልልኝም፤ ለጓደኞቹም መናገሩ አይቀርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ሌሎች ደግሞ «ማን ያነበዋል?» ይላሉ። እኔ እስካሁን እንዳየሁት ስለ አሮጌ መጽሐፍ አምስት መስመር ለማንበብ የሚሰለች ሰው 400 ገጽ መጽሐፍ ሊገዛ አይመጣም። ደንበኞቻችን አንባቢዎች ናቸው እኮ!

በክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ብለን ሳናጣራ ዜና እንዳንጽፍ እየተማርን ነው። ይሄ ትምህርት ከግቢ ስንወጣ የሚወልቅ ዩኒፎርም አይደለም። የመጽሐፍ ማስታወቂያም መረጃ ነው፤ የሚታመንበትም ሰው ብሩን ይከፍልበታል። ይህን ሥራ የጀመራችሁም ሆነ ልትጀምሩ ያሰባችሁ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ቀጣዩን መጽሐፍ ከመለጠፋችሁ በፊት የውስጥ ገጹን ገልጣችሁ ዓመቱን ጻፉ፤ ገጹን ቁጠሩ። ገዢዎችም ብር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ጥያቄ ሲበዛበት መልስ የሚያዘጋጅ ሻጭ ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ቸር እንሰንብት!