ካርዳቸው የተቋረጠ የአእምሮ ሕሙማን የት ደረሱ?

የአእምሮ ሕክምና ሲገመገም በአብዛኛው የሚነገረው ስንት ሰው እንደታከመ፣ ስንት አልጋ እንዳለና ስንት ባለሙያ እንደሠለጠነ ነው። የታከመው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራ ይዟል? ከቤተሰቡ ጋር ነው ወይስ ጎዳና ወጥቷል? በሕይወትስ አለ? ለሚሉት ጥያቄዎች ግን እምብዛም መልስ አይገኝም።

መልሱን ማግኘት እንደሚቻል ቡታጅራ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሕሙማን ወደ ሆስፒታል እስኪመጡ ሳይጠብቁ ቤት ለቤት ፈልገው አግኝተዋቸዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ያህል ሲከታተሉ 121 ያህሉ ሞተዋል። ይህ የሞት መጠን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው። ሟቾቹ መኖር ይገባቸው ከነበረው ዕድሜ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አጥተዋል። ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉን የገደለውም ተላላፊ በሽታ ነው።

ቀደም ሲል የዓለም ጤና ድርጅት ባካሄደው ጥናት በታዳጊ አገሮች ያሉ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን በበለጸጉት አገሮች ካሉት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ተነግሮ ነበር። ጥናቱ የተነሳው ግን ሕክምና ተቋም ከደረሱት ሰዎች ነው። ያልደረሱትም ሲቆጠሩ ምን እንደሚታይ የቡታጅራው ውጤት ይመሰክራል።

ችግሩ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሌላ መልክ አለው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን የሚያስጠጋው የገፈርሳ ማገገሚያ ማዕከል ቡራዩ አጠገብ ቢሆንም፣ ስፔሻሊስት የሚፈልግ ቤተሰብ ፊቱን የሚያዞረው አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። መኖሪያው በኦሮሚያ፣ ካርዱ በአዲስ አበባ ይሆናል። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ተበትነዋል። በቤት ኪራይ ውድነት ሰፈር የሚቀያይረውም ብዙ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ታካሚ ቀጠሮውን ሲያቋርጥ ተሽሎት ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ጠበል ገብቶ፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ ወይም ሞቶም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው፦ «አልመጣም»። እየመጡ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ ሕክምናው ውጤታማ ነው ማለት የወደቁትን ትቶ ያለፉትን ብቻ በመቁጠር ትምህርት ቤትን እንደማመስገን ነው።

መፍትሔው የግድ ውድ አይደለም። ሆስፒታሉና የከተሞቹ ጤና ጣቢያዎች የታካሚውን ምስጢር ጠብቀው የቀጠሮ መረጃ ቢለዋወጡ፣ ታካሚው ሲፈቅድ የአስታማሚው ስልክ ቢመዘገብ፣ የቀረም ሰው ቢፈለግ መጀመር ይቻላል። በዓመት አንድ ጊዜም ስለ ሥራው፣ ስለ መኖሪያውና ስለ አካላዊ ጤንነቱ ይጠየቅ። ሞቶ ከሆነም ሞቱና ምክንያቱ ይመዝገብ።

በየዓመቱ ስንት ሰው እንደታከመ የሚነግረን ሪፖርት፣ ካቋረጡት መካከል ስንቱ በሕይወት እንዳሉም ሊነግረን ይገባል።